በጃፓን የምናድርበት ቤት

ጥር 26

ይህን ገጽ ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ቢሆንም ዕድሜዬን ሙሉ ችሎት ስከፍት የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ የተገኙትን ሳላከብር መጀመር አይሆንልኝም። በዛሬው ስብሰባ ለተገኙት ለማኅበራችን የንስሐ አባት ለመልአከ ገነት ስማቸው፣ ለምክትል ሰብሳቢያችን ለአቶ ይኸነው፣ ለጸሐፊያችን ለመምህርት ማስተዋል፣ ከዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ለመጡት ፈረሰኞች፣ እንዲሁም መቀመጫ አጥተው በር ላይ ቆመው ላደመጡን ሁሉ እንደየማዕረጋቸው ክብር ይድረሳቸው።

ጉዳዩ ይህ ነው። በሰሜን ጃፓን ተራራ ሥር ያለች አንዲት የፈረስ መንደር በየዓመቱ በእኛ ሰኔ ፈረሶቿን በጨርቅና በቃጭል አስጊጣ አደባባይ ታወጣለች። የመንደሯ ሽማግሌ አቶ ሞሪታ የእኛን የጥር 23 ግልቢያ በቪዲዮ አይተው የዘንገና ፈረሰኞች ማኅበር ሦስት ሰው እንዲልክ ጋብዘዋል። የልዑካኑ መሪ በሰልፉ ፊት ከእሳቸው ጎን ይጋልባል። ስብሰባው እኔን መሪ፣ ይኸነውንና ማስተዋልን አባል አድርጎ መርጧል። ከእኛ የሚጠበቀው ከቀረቡት ማደሪያዎች አንዱን መርጠን ሚያዝያ ሳይወጣ ማሳወቅ ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ቦታ አይገኝም አሉ።

በላኩልን ፎቶ ላይ ፈረሶቻቸው ከእኛዎቹ ይልቅ ረጃጅምና ደንዳና ናቸው። እርካቡ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ለመገመት ሞከርኩ።

የዘንድሮውን የጥር 23 ግልቢያ እኔ ከመድረክ ሆኜ ነው የተከታተልኩት። እንግዳ ስለበዛ ሰብሳቢው ከመድረክ መለየት አልነበረበትም።

የካቲት 3

ማስተዋል ከትምህርት ቤት እንደወጣች ኮምፒውተሯን ይዛ እቤት መጣች። ማደሪያዎቹን አብረን አየን። አንደኛው በከተማው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ሆቴል ነው፤ አሳንሰር አለው፤ አልጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከመንደሩ ግን በአውቶቡስ ረጅም መንገድ ነው። ሌላው መንደሩ ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ፍል ውኃ አለው፤ የሚተኛው ግን ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። የቀረው የአቶ ሞሪታ የገዛ ቤታቸው ነው። ቤቱ እንደ ክንድ የታጠፈ ነው። በአንዱ ክንፍ ሰው፣ በሌላው ፈረስ ያድራል፤ ጣሪያው አንድ ነው። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቀና ቢል የፈረሱን ፊት ያያል።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ የአያቶቻችን ቤት ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየሁት። እዚያም የሚተኛው ወለል ላይ ነው።

እኔ ሆቴሉ ይበጃል ባይ ነኝ። የልዑካን ቡድን ክብር አለ። ማስተዋልም ለብቻዋ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋታል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የይኸነው ጉልበት ነው። ይኸነው ስለ ጉልበቱ አንድም ቀን አማርሮ አያውቅም። ሆኖም በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው የሚሰማውን ሁሉ አይናገርም።

የካቲት 12

የእንጅባራ ብርድ ዘንድሮ አጥንት ይገባል። ባለቤቴ ደጊቱ ጫማዬን ማሰር ከጀመረች ሰነበተች። ልማድ ሆኖባት ይሆናል፤ አልከለከልኳትም።

የካቲት 22

ስብሰባ። የሆቴሉን ሐሳብ ከነምክንያቱ አቀረብኩ። ይኸነው ተነሣ። በሰው ፊት እርስዎ ይለኛል፤ ከበር ስንወጣ አንተ ይለኛል። ከብት አብረን የጠበቅን ሰዎች ነን።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛ የምንሄደው ፈረስ ልናይ ነው ወይስ አሳንሰር?"

ሰው ሳቀ። እስኪያባራ ጠበቅሁ።

"ስለ ጤናዎ ተጨንቄ ነው፣ አቶ ይኸነው። ወለል ላይ መተኛት ለጉልበት አይሆንም።"

"ለማን ጉልበት?"

"ለእርስዎ።"

"እኔ የተወለድሁትም ያደግሁትም ቁርበት ላይ ነው። አልጋ ላይ የተኛሁት የተዳርሁ ለት ነው፤ እሱም በማግስቱ ተሰበረ።"

መልአከ ገነት መስቀላቸውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ፤ ሳቃቸውን ለመሸፈን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማስተዋል ስለ ፍል ውኃው ስታስረዳ እንግዶች ሁሉ እርቃናቸውን ሆነው አብረው እንደሚታጠቡ ተናገረች። ይኸነው እንደገና ተነሣ። "እሱን ማረፊያ ከመዝገቡ ይሰርዙልኝ። እኔን ሚስቴ እንኳ በመብራት አላየችኝም።" በሙሉ ድምፅ ተሰረዘ። ሆቴሉና የአቶ ሞሪታ ቤት ቀሩ። ውሳኔውን ለሌላ ቀጠሮ አስተላለፍኩ።

ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"ምንም።"

"ድሮ ኮርቻ ተንተርሰህ ሜዳ የምታድር ሰው ነበርህ።"

ዘመን ተለውጧል አልኩት። ዘመን መለወጡ እርግጥ ነው።

መጋቢት 9

ኔትወርክ የለም። የማስተዋል መልእክት አልሄደም። ለቪዛው አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው፤ መንገዱ ስለማያስተማምን ከባሕር ዳር በአውሮፕላን። የአውሮፕላኑ ደረጃ ቀጥ ያለ ነው ይላሉ። ይሁን። እሄዳለሁ ብያለሁ፤ እሄዳለሁ።

መጋቢት 21

ከአዲስ አበባ ተመልሰናል። የጠየቁንን ሁሉ አቅርበናል።

ዛሬ ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር ተሳፈርኩ። ጋቢዬን ስለተከናነብኩ አላወቁኝም።

"ዳኛ ምንይችል ጃፓን ሊሄዱ ነው አሉ።"

"እሳቸው ምን አለባቸው። ሆቴል ካልሆነ አላድርም ብለዋል አሉ።"

"ሰውየው የራሱን ቤት ለቆላቸው?"

"የራሱን ቤት።"

"እኛ አገር ቢሆን ሰው ይቀየም ነበር።"

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

የከበደኝ ሐሜቱ አይደለም፤ ትክክል መሆኑ ነው። በእኛ ወግ እንግዳ ማደሪያ አይመርጥም። ቤቱን የከፈተለትን ሰው ደጅ አልፎ የኪራይ ቤት ያደረ እንግዳ ባለቤቱን ሰድቦታል። በዚህ ምክንያት የተኳረፉ ቤተሰቦችን እኔ ራሴ አስታርቄያለሁ። አሁን ግን እንዲህ የሚያደርገው ሰው እኔ ነኝ። ምክንያት አለኝ። ምክንያቴን ግን ሳስበው እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ አይጸናም፤ ይኸነው ትናንት የጎረቤቱን አጥር ዘሎ ሲሻገር አይቼዋለሁ።

ሚያዝያ 5

የፋሲካ ማግስት። ከጃፓን መልእክት መጣ። እያንዳንዳችን በየፈረሳችን ላይ ተቀምጠን ስንጋልብ የሚያሳይ ቪዲዮ ይፈልጋሉ። በቁመናችን ልክ የክብር ካባ ሊያሰፉና የሚስማማንን ፈረስ ሊመርጡ ነው። ማስተዋል ስታነብልን ደጊቱ የዶሮውን ሳህን እያነሣች ነበር። ቆም ብላ አየችኝ።

ሚያዝያ 12

ዳማ ፈረሴ የሚቀለበው ግምጃ ቤት ከተማ፣ ከደጊቱ ወንድም ከወገኔ ዘንድ ነው። ከኅዳር ወዲህ አልተቀመጥኩበትም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ለወገኔ ደወልኩ። ከነገ ወዲያ በጠዋት ዳማውን ሙሉ ጌጡን አልብሶ ዘንገና እንዲያደርስልኝ አዘዝኩት። ግላሱ፣ ቃጭሉ፣ የግንባሩ ጌጥ፣ አንድም ሳይቀር።

"እርስዎስ፣ ጋሼ?"

"በባጃጅ ቀድሜ እጠብቅሃለሁ።"

"እንግዲያው ልቀመጥበት?"

"አይሆንም። ጌጡ እንዳይበላሽ ሳበው።"

ወገኔ የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ለዚህም ነው ለእሱ የደወልኩት። ከሐይቁ አፋፍ ላይ ከፍ ያለ ድንጋይ አለ። ፈረሱ ወደ ድንጋዩ ቢጠጋ ከላይ ሆኖ ኮርቻው ላይ መሻገር ይቻላል። ይኸነውና ማስተዋል ቪዲዮውን ሊቀርጹ ሲደርሱ ተቀምጬ ያገኙኛል። ከተቀመጥኩ በኋላ ምንም ችግር የለብኝም።

ሚያዝያ 14

እንደ መዝገብ በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ አይጻፍልኝም።

ድንጋዩ ጋ የደረስኩት ማለዳ ነው። ባጃጁን አሰናበትኩ። ወገኔ እስኪመጣ ልረፍ ብዬ ከድንጋዩ ግርጌ ካለች ዝቅተኛ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ይህ ስህተት ነበር። ቀኝ ዳሌዬ ተቆለፈ። እጆቼን ተደግፌ ሞከርኩ፤ እንደገና ሞከርኩ። ከዚያ ወዲያ ሐይቁን ማየት ጀመርኩ።

ወገኔ ዘገየ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከግምጃ ቤት በኩል የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሠርግ መሰለኝ። ሲቀርብ ለቅሶ ነው። ከፊት ወገኔ ብርዱን ፈርቶ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እንደ ሁልጊዜው አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ከኋላው ዳማው ይከተለዋል፤ ሙሉ ጌጡን ለብሷል፤ ኮርቻው ባዶ ነው። ከዳማው ኋላ ፈረሰኞች፣ ከፈረሰኞቹ ኋላ ገበያተኛው ሁሉ።

በአገራችን ያጌጠ ፈረስ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ የሚሳበው ጌታው የሞተ ለት ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም የስንቱን ሟች ፈረስ ተከትዬ አልቅሻለሁ። ትእዛዙን ስሰጥ ግን በዐይኔ የነበረው ድንጋዩ ብቻ ነበር። ዕለቱ የገበያ ቀን መሆኑንም አላሰብኩም። ወገኔ በገበያው መሐል ሲያልፍ "ምነው ወገኔ?" ሲሉት "ጋሼ ዘንገና አድርሰው ብለው አዘውኝ ነው" ብቻ ብሏል። ሰዎቹ ኑዛዜ ነው ብለው ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ማን ይስማው።

አልቃሿ በአዊኛም በአማርኛም ታወርደዋለች። አማርኛው ጥርት ብሎ ደረሰኝ፤

"ዳማው ባዶ መጣ ጌጡን ሁሉ ለብሶ፣
የታል ፈረሰኛው የማይወርድ ጨርሶ።"

ተነሥቼ እጄን ላውለበልብ ፈለግሁ። እጄ ተነሣ፤ እኔ አልተነሣሁም።

አስቀድሞ ያየኝ ይኸነው ነው። ወደ ቀጠሯችን ሲመጣ መርዶውን መንገድ ላይ ሰምቶ ከፈረሰኞቹ ፊት ነበር፤ ፊቱ በእንባ ርሷል። ፈረሱን ገታ። ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። አንዲት ሴት አማተበች። ይኸነው ወርዶ አጠገቤ ቆመ።

"ምንይችል፣ ሞተሃል ወይስ አልሞትህም? ሰው ገበያውን ጥሎ ነው የመጣ።"

"አልሞትኩም።"

"እንግዲያው ተነሥ።"

"አልችልም" አልኩት።

ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ይኸነው ከፍ ያለውን ድንጋይ አየ፤ ባዶውን ኮርቻ አየ፤ እኔን አየኝ። ወደ ሰዉ ዞረና በአዊኛ፦ "ዳኛው ለቅሷቸው እንዴት እንደሚያምር ሊያዩ ነው ያስጠሩን። ጥሩ ነው፣ አልቃሿ ብቻ ትንሽ አሳጠረችው ይላሉ" አላቸው። ሳቁ። እያለቀሱ ሳቁ። በሳቁ መሐል እሱና ወገኔ በብብቴ ገብተው አነሡኝ።

ቪዲዮ አልተቀረጸም።

ሚያዝያ 15

ወሬው እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ደጊቱ ዘንድ ደርሶ ኖሯል። ጎረቤት እያለቀሰ ሲገባ "ከድንጋዩ ላይ ወደቀ?" ነበር ያለችው አሉ።

ስለ ድንጋዩ ማንም አልነገራትም።

ወገኔ ከእኔ ይልቅ ለእሷ እንደሚታዘዝ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር፤ የዳማውን ጉዞ የነገራት እሱ ነው። የቀረውን ራሷ ደርሳበታለች።

"ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ጫማህን እያሰርሁ ስንት ወር ጠበቅሁህ" አለች። ቀጥላም፦ "ትሄዳለህ። ጃፓን ትሄዳለህ። ግን እንደሆንኸው ሆነህ ነው የምትሄድ።"

ሚያዝያ 17

ዳንግላ። ሐኪም። የዳሌ መገጣጠሚያው አልቋል። መራመድ ይፈቀዳል። በረራም ይፈቀዳል። ኮርቻ አይፈቀድም። ምርኩዝ ያዙ አለኝ። ያዝኩ።

ሚያዝያ 19

ማስተዋል የቪዲዮ ጥሪ አመቻቸች። ይኸነውም አብሮን ተቀመጠ። አቶ ሞሪታ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አስተርጓሚያቸው አዲስ አበባ የኖረች ጃፓናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከአንዳንድ ጠበቆች ይሻላል። ሰላምታው እንዳለቀ የምለውን አልኩ፤

"ኮርቻ ላይ መቀመጥ አልችልም። መሪው የግድ ፈረሰኛ መሆን ካለበት በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እንልካለን።"

ልክ ይህን ስጨርስ ኔትወርኩ ቆመ። የአቶ ሞሪታ ፊት አፋቸውን ገርበብ እንዳደረጉ ደርቆ ቀረ። ስንቱን ተከሳሽ ፍርድ ሳስጠብቅ እንደኖርኩ አሰብኩ። መስመሩ ሲመለስ አስተርጓሚዋ፦

"ገመድ መያዝ ይችላሉ ወይ ይላሉ።"

"እችላለሁ።"

በእነሱ ዘንድ ያጌጠውን ፈረስ በገመድ የሚመራ ሽማግሌ ከተቀመጠው አያንስም። ያን ጊዜ የሚያሳስበኝን አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ ኮርቻው ባዶ ይሆናል ወይ? ለምን እንደጠየቅሁም ነገርኳቸው። አቶ ሞሪታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማን እንደሚቀመጥ እኛው እንድንመርጥ ተዉልን።

ከዚያ ስልካቸውን ይዘው ቤቱን አስጎበኙን። የጠቆረ ምሰሶ፣ ምድጃ፣ ከምድጃው ማዶ በፈረሱ በኩል አንድ ትልቅ ጭንቅላት ብቅ አለ። ባለቤታቸው ስለ ሰኔ ጾም ማስተዋል የጻፈችላቸውን አንብበው ዓሣ የሌለበት የአኩሪ አተር ምግብ መሞከር ጀምረዋል። አቶ ሞሪታ ወለሉን በእጃቸው መታ መታ አድርገው አንድ ነገር አሉ።

"እዚህ ትተኛላችሁ፤ ፈረሱ ግን ያንኮራፋል ይላሉ።"

"ዳኛውም ያንኮራፋል፣ ይስማማሉ በያቸው" አለ ይኸነው።

ተረጎመችው። ሰውየው ሳቁ፤ ጥርስ የላቸውም።

ሚያዝያ 21

ስብሰባ። ከድንጋዩ ቀን ወዲህ ሰዉ ሁሉ ስገባ ተነሥቶ ወንበር ያቀርብልኛል። ይህም ይለመዳል።

"የሆቴሉን ሐሳብ ያቀረብኩት በአቶ ይኸነው ጉልበት ምክንያት እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ተጽፏል" አልኩ። "ይታረም። ምክንያቱ የእኔ ዳሌ ነው።"

"ጉልበቴ እግዜር ይስጥልኝ ይላል" አለ ይኸነው።

የአቶ ሞሪታን ቤት እንድንመርጥ አቀረብኩ። ተቃውሞ የለም። ቀጥዬ በሰልፉ ላይ በመሪው ኮርቻ ይኸነው እንዲቀመጥ፣ እኔ ገመዱን እንድይዝ አቀረብኩ። እዚህ ላይ ይኸነው ተነሣ፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

"ይኼ አይሆንም። ዳኛ ገመድ ስቦ እኔ ከላይ? ዘንገና ስመለስ በየት በኩል እገባለሁ? ሴቶቹ ብቻ ይጨርሱኛል።"

"ታዲያ ባዶውን ልሳበው?"

ይኸነው ባርኔጣውን በእጁ አዙሮ አዙሮ፦

"አንድ ጊዜ አልቅሰንልሃል፤ ይበቃል" አለ። በስብሰባ ፊት አንተ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ማስተዋል "ተስማምተዋል" ብላ ጻፈች።

ሰዉ ሲበተን ማስተዋል ብዕሯን ይዛ ቀረች።

"ጋሼ፣ አልጋ ይዘጋጅልን ብዬ ልጻፍላቸው? ያለ ጥርጥር ያመጣሉ።"

"አይሆንም። ቤታቸው እንደሆነው ይሁን። ከወለሉ የሚያነሣኝ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብለሽ ጻፊ።"

ግንቦት 13

ይኸነው በየጠዋቱ ይመጣል። ቁርበት ሳሎን ያነጥፋል። እተኛለሁ፤ ያነሣኛል። "ዛሬ ከትናንት ቀለሃል" ይላል፤ ውሸቱን ነው። ደጊቱ ከጓዳ ሆና ትስቃለች። አሁን ጫማዬን ስታስር እግሬን ራሴ አቀርብላታለሁ።

ካባዎቹ እየተሰፉ ነው። የእኔ አጠር ይላል፤ ገመድ የሚይዝ ሰው እንዳያደናቅፈው።

ግንቦት 28

ነገ በማለዳ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ጃፓን እንነሣለን። ሻንጣው ተዘግቷል። ምርኩዙ በሩ አጠገብ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ ግምጃ ቤት ሄጄ ዳማውን አየሁት። ጌጥ አልነበረውም። ገመዱን ያዝኩና አብረን እስከ ወንዙ ወርደን ውኃ ጠጥቶ ተመለስን። ዳገቱ ላይ ሁለታችንም ቀስ አልን። ወገኔ ከኋላ መጣ።

ስብሰባ ስዘጋ አመሰግናለሁ፤ ይህንንም ደብተር ሳልዘጋው ላመስግን። ያዘዝኩትን አድርጎ ያላዘዝኩትንም ለደጊቱ ለነገረልኝ ለወገኔ፣ ገበያቸውን ጥለው ላለቀሱልኝ ሰዎች፣ አንድም ስህተት ሳያመልጣት በክብር ለጻፈችልን ለመምህርት ማስተዋል፣ በጸሎታቸው ላልተለዩን ለመልአከ ገነት ስማቸው፣ በሰልፉ ቀን ከኮርቻው ሲቀመጥ ዙሪያውን በኀፍረት እንደሚመለከት ለማውቀው ለወንድሜ ለይኸነው፣ ከሁሉም በላይ ለደጊቱ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የዘንገና ፈረሰኞች ማኅበር ልዑካን የተላኩበትን ፈጽመው፣ በሰው ቤት አድረው፣ በሰው እጅ ተነሥተው፣ ኮርቻቸው ሳይጎድል ለአገራቸው እንዲበቁ ከልብ እመኛለሁ።